የበረዶ ሸርተቴ የውድድር ዘመን፦ ከደብረ ብርሃን ሆነን የትኛውን እንከታተል?

ኅዳር ሲገባ ደብረ ብርሃን በጠዋት ነጭ ናት። ሣሩ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ፣ ደጅ ያደረው ጆንያ ሳይቀር አመዳይ ለብሶ ያድራል። እንዲህ ባለ አንድ ጠዋት የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ይህን አይተኸው ታውቃለህ?» አለኝ። ቪዲዮው ላይ አንድ ሰው ሁለት ረጅም ስኪ (የበረዶ መንሸራተቻ ጣውላ) እግሩ ላይ አስሮ፣ እንደ መስታወት ከሚያበራ የበረዶ ቁልቁለት ራሱን ወረወረ። እኔ እንኳ ለዓመታት የተከታተልኩት ውድድር ነው። ልጁ ግን ደነገጠ። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «እዚህ ይህን ያህል እየበረደ ለምን በረዶ አይጥልም?» የሚል ነበር።

መልሱ አጭር ነው። የእኛ ብርድ ደረቅ ነው። ውርጩ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ባለበት በበጋው ሌሊት ነው፤ ያኔ ደመናም ዝናብም የለም። ዝናቡ በሚመጣበት ክረምት ደግሞ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች አይወርድም። ብርዱና እርጥበቱ አይገናኙም። የአልፕስ ተራሮች ላይ ሁለቱ በአንድ ወቅት ይገናኛሉ፤ ሸርተቴውም ከዚያ ይነሳል።

ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ ጥያቄው በዛ። «የትኛውን ልይ?»፣ «ስንት ጊጋ ይበላል?»፣ «ዲኮደር ልግዛ ወይ?» ኳስ የሚያሳይ ቤት ያለው ጎረቤቴ እንኳ ጠየቀኝ። ሁሉንም በአንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

መጀመሪያ፣ ምኑን ነው የምንመርጠው?

የበረዶ ሸርተቴ የዓለም ዋንጫ እንደ ኳሱ በ4 ዓመት አንዴ የሚመጣ አይደለም። በየዓመቱ አለ። የተጀመረው በ1967 እ.ኤ.አ. ጥር ወር ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ አሸናፊዎች ፈረንሳዊው ዣን ክሎድ ኪሊ እና ካናዳዊቷ ናንሲ ግሪን ናቸው። ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት አጋማሽ ላይ ይከፈትና መጋቢት ላይ ይዘጋል። ወንዶቹ ለብቻ፣ ሴቶቹ ለብቻ፣ እያንዳንዳቸው ከ30 በላይ ውድድር አላቸው። ሁሉንም ልይ ያለ ሰው ሥራም ዳታም አይተርፈውም። ስለዚህ ምርጫ ግድ ነው።

የዓለም ዋንጫው አራት ዋና ዋና ዘርፎች አሉት፦ ዳውንሂል፣ ሱፐር ጂ፣ ጃይንት ስላሎም እና ስላሎም። አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዱን ያይና «ሸርተቴ ይሄ ነው» ብሎ ይተወዋል። አራቱ ግን የ100 ሜትርና የማራቶን ያህል ይራራቃሉ።

መመዘኛዎቼ

እኔ የምመዝነው በአምስት ነገር ነው። አንደኛው ሰዓት ነው፤ ከሥራ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከኳስ ጋር ይጋጫል ወይስ አይጋጭም? ሁለተኛው ዳታ ነው። ዋናውን ነገር ለማየት ስንት ደቂቃ መቀመጥ ያስፈልጋል? ሦስተኛው ለጀማሪ ግልጽ መሆኑ ነው። አራተኛው በአየር ጠባይ የመሰረዝ ዕድሉ ነው፤ ዳታ ገዝቶ፣ ሰው ጠርቶ፣ ቡና አስፈልቶ «ተሰርዟል» መባል ያሳዝናል። አምስተኛውና ለእኔ ትልቁ፣ ውድድሩ ልብን ሰቅሎ እስከ መጨረሻው ሰው ይዘልቃል ወይ የሚለው ነው።

ከዚያ በፊት አራቱም የሚጋሩትን ነገር ልንገራችሁ። ተወዳዳሪዎቹ ጎን ለጎን አይሮጡም። አንድ በአንድ ይወርዳሉ፤ ዳኛቸው ሰዓት ነው። ሰዓቱ የሚቆጥረው እስከ መቶኛ ሰከንድ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድመው አገር እንዴት እንደጮኸ የምታስታውሱ፣ እዚህ ያ ዓይነት ልዩነት የተለመደ ነው። በየሳምንቱ አለ። ሌላው ሕግ በሩ ነው። በረዶው ላይ የተተከሉት ምሰሶዎች በር ይሠራሉ፤ ሁለቱም እግር በዚያ መካከል ማለፍ አለበት። አንድ በር የሳተ ሰው የዓለም ፈጣኑም ቢሆን ከውድድሩ ይወጣል።

ነጥቡም ቀላል ነው። አንደኛ 100፣ ሁለተኛ 80፣ ሦስተኛ 60፣ አራተኛ 50 እያለ እስከ 30ኛ ይወርዳል፤ 30ኛው 1 ነጥብ ያገኛል። በዓመቱ መጨረሻ በየዘርፉ ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ትንሹን የክሪስታል ሉል (ኳስ የሚመስል የመስታወት ዋንጫ)፣ በሁሉም ተደምሮ የበለጠው ደግሞ ትልቁን ይወስዳል።

ዳውንሂል

የእህቴ ልጅ ያየው ይህን ነው። የሁሉም ፈጣን፣ የሁሉም ረጅም፣ የሁሉም አስፈሪ። አንድ ዙር ብቻ ነው። ወረድክ፣ አለቀ።

ስለ ዳውንሂል ለማውራት ሁለት ቦታ ማወቅ ይበቃል። አንደኛው የኦስትሪያው ኪትስቢሄል ነው። ሽትራይፍ የሚባለው መውረጃ 3,312 ሜትር ይረዝማል፤ ከላይ እስከ ታች ያለው የከፍታ ልዩነት 860 ሜትር ነው። ይህን በእኛ መንገድ ላስረዳችሁ። ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ቁልቁለቱን ያውቀዋል፤ መኪናው እየተጠማዘዘ፣ ፍሬኑ እየሸተተ፣ ጆሮ እየተደፈነ። የዚያን ጉዞ የከፍታ ልዩነት ግማሽ የሚጠጋ ቁልቁለት ኪትስቢሄል ላይ ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ያልቃል። ፍሪትዝ ሽትሮብል በ1997 በ1 ደቂቃ ከ51.58 ሰከንድ ወርዶት ክብረ ወሰኑን ይዟል። ከመነሻው ጥቂት ሰከንድ እንደሄዱ «የአይጥ ወጥመድ» የሚሉት ቦታ አለ፤ ከዚያ ወዲያ መሬቱ ከእግር ሥር ይጠፋና ተወዳዳሪው አየር ላይ ይቀራል። ጎረቤታችን እማማ ይህን ያዩ ዕለት «በስመ አብ! ይህን የሰው ልጅ ማን ላከው?» ብለው ተነስተው ወጡ። ትንሽ ቆይተው ግን ተመልሰው «ደኅና ደረሰ?» ብለው ጠየቁ። ደኅና ደርሶ ነበር።

ሁለተኛው የስዊዘርላንዱ ቬንገን ነው። መውረጃው ወደ 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ይጠጋል፤ በዓለም ዋንጫው ከዚህ የሚረዝም የለም። ተወዳዳሪው እግሩ እየተንቀጠቀጠ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይወርዳል። ፈረንሳዊው ዮሃን ክላሬ በ2013 እዚያው ላይ በሰዓት 161.9 ኪሎ ሜትር ተመዝግቦለታል። መሃል ላይ ደግሞ በባቡር ድልድይ ሥር ሾልከው ያልፋሉ። እኔ ያን ቦታ ባየሁ ቁጥር የጣርማበር ዋሻ ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ መመዘኛው። በሰዓት በኩል ዳውንሂል ለእኛ የተመቸ ነው። በክረምታቸው ከመካከለኛው አውሮፓ በ2 ሰዓት እንቀድማለን። የኪትስቢሄሉ ቅዳሜ ውድድር በእነሱ 11:30 ሲጀምር እኛ ዘንድ ከቀኑ 7:30 ነው። ምሳ ተበልቶ ቡና ሲቀርብ ማለት ነው። የእንግሊዝ ኳስ የቅዳሜ የመጀመሪያው ጨዋታ 9:30 ላይ ነው የሚገባው፤ እስከዚያ ዋናው ነገር አልቋል። ኳስ ቤት ላለው ጎረቤቴ የነገርኩት ይህንኑ ነው፦ በዚያ ሰዓት ወንበሩ ባዶ ነው።

በዳታ በኩልም መጥፎ አይደለም። ዋና ዋናዎቹ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ 20 ተወዳዳሪዎች ውስጥ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያውን 45 ደቂቃ ገደማ ካያችሁ አሸናፊውን ያያችሁት ያህል ነው። ጉድለቱም ግን ከዚሁ ይመጣል። አንዳንዴ አንደኛው የሚታወቀው ገና በጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ይቀዘቅዛል። አንዳንዴ ደግሞ ከኋላ የመጣ፣ ማንም ያልጠበቀው ልጅ ሁሉንም ይገለብጣል፤ ያን ጊዜ ስልኩን የዘጋ ሰው ይቆጨዋል።

ትልቁ ችግር አየሩ ነው። ንፋስ፣ ጭጋግ፣ የበረዶ እጥረት ሁሉ ዳውንሂልን ይነካዋል። በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር ዘርማት ላይ የታሰቡት ውድድሮች በ2022ም በ2023ም አንድ እንኳ ሳይካሄድ ተሰርዘዋል። ስለዚህ ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ያን ዕለት ጠዋት አረጋግጡ።

አንድ ነገር ደግሞ ለወላጆች። መውደቅ አለ፤ ከባድ መውደቅ። ኖርዌያዊው አሌክሳንደር ኦሞት ሺልደ በጥር 2024 ቬንገን ላይ መጨረሻው አጠገብ ወድቆ ክፉኛ ተጎድቷል። ከ2024–25 ዘመን ጀምሮ በፈጣኖቹ ዘርፎች ከልብስ ሥር የሚነፋ የአየር ከረጢት ግዴታ ሆኗል። ትንንሽ ልጆች አጠገባችሁ ካሉ በቀጥታ ከማየት ይልቅ በኋላ የሚወጣውን አጭር ቪዲዮ ምረጡ።

ሱፐር ጂ

የዳውንሂል ታናሽ ወንድም ነው። እሱም አንድ ዙር ነው፤ ፍጥነቱም ብዙም አይለይም፤ በሮቹ ግን ይበዛሉ። ዋናው ልዩነት ልምምድ አለመኖሩ ነው። ዳውንሂል ላይ ቀደም ብለው ወርደው ይለማመዳሉ። ሱፐር ጂ ላይ ግን ጠዋት በዝግታ እያዩ ይወርዳሉ፣ መስመሩን በጭንቅላታቸው ይይዛሉ፣ ከዚያ ውድድር ነው። ለዚህ ነው ቀድሞ የወረደው ሰው ከታች በሬዲዮ ለጓደኞቹ አሰልጣኝ የሚናገረው ወሬ ዋጋ የሚያወጣው። ለጀማሪ ግን ከዳውንሂል ለመለየት ያስቸግራል። ዳውንሂልን ለምዳችሁ ስትጨርሱ ብትመጡበት ይሻላል።

ጃይንት ስላሎም

ሁለት ዙር አለው። የሁለቱ ዙር ሰዓት ይደመራል። ሰፊ፣ ረጅም መታጠፊያ ያለው፣ ጉልበትና ስልት እኩል የሚጠይቅ ዘርፍ ነው። ባለሙያዎች የሸርተቴ መሠረቱ ይህ ነው ይላሉ፤ እኔም እስማማለሁ። ለዓይን ግን ዝም ያለ ነው። የዳውንሂል ድንጋጤም የስላሎም ጥድፊያም የለውም። ማን እንደ ፈጠነ ማን እንደ ዘገየ በዓይን መለየት ይከብዳል፤ አረንጓዴውን (ከመሪው የፈጠነ) እና ቀዩን (የዘገየ) ቁጥር ነው የምታዩት።

ለእኛ ግን አንድ ልዩ ውበት አለው። ዘመኑ የሚከፈተው በዚሁ ዘርፍ፣ ኦስትሪያ ዞልደን ላይ ነው። መነሻው 3,040 ሜትር፣ መድረሻው 2,670 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ላይ ናት። ስለዚህ እኛ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን የምናየው ውድድር በሞላ ጎደል በእኛው ከፍታ ላይ የሚካሄድ ነው። ከጣርማበር ወደ ደብረ ብርሃን ወረዱ እንደማለት። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ካርታ አውጥቶ መንዝ ጓሳን ፈለገ። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነች ከዞልደን መነሻም ትበልጣለች።

ስለ ሰዓቱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የዞልደን ቅዳሜና እሑድ ብዙ ጊዜ አውሮፓውያን ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ከሚመልሱበት ሌሊት ጋር ይገጥማል። የቅዳሜው የሴቶች ውድድር ሲካሄድ ልዩነታችን 1 ሰዓት ነው፤ እሑድ ወንዶቹ ሲመጡ 2 ሰዓት ይሆናል። ይህን ያላወቀ ሰው እሑድ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይቀመጥና ባዶ ቁልቁለት ያያል።

ስላሎም

አሁን ወደምወደው መጣሁ። ስላሎም አጭር ነው፤ አንድ ዙር ደቂቃ እንኳ ላይሞላ ይችላል። በሮቹ ግን ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ በመካከላቸው ከ6 እስከ 13 ሜትር ብቻ ነው። ተወዳዳሪው ምሰሶውን በቅልጥሙና በእጁ እየመታ ያልፋል። ምሰሶው ከሥሩ ስለሚታጠፍ መምታቱ ጥፋት አይደለም። ድምፁ ጠ! ጠ! ጠ! እያለ እንደ ከበሮ ይሰማል። ስኪው አጭር ነው፤ ለወንዶች ቢያንስ 165 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴቶች 155። ለዳውንሂል የሚታሰረው የወንዶቹ ስኪ ከ218 አያንስም። ረጅሙ ቀጥ ብሎ ለመብረር፣ አጭሩ ቶሎ ለመታጠፍ ነው።

የስላሎም ምስጢሩ ግን ሁለተኛው ዙር ነው። ከመጀመሪያው ዙር 30ዎቹ ብቻ ያልፋሉ። ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። 30ኛ የወጣው መጀመሪያ ይወርዳል፤ አንደኛ የነበረው መጨረሻ ላይ ብቻውን ተራራው አናት ይቀራል። ታች ሆኖ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ከላይ ሆኖ መንቀጥቀጥ የጀመረ ሰው አለ። እያንዳንዱ ሰው ሲወርድ ውጥረቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ጃይንት ስላሎምም ይህንኑ ሕግ ይከተላል፤ ስላሎም ላይ ግን አንድ በር ስቶ መውጣት በጣም ቀላል ስለሆነ እስከ መጨረሻው ምሰሶ ድረስ ምንም ነገር ሊፈጠር ይችላል።

ለምሳሌ የካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ሻሞኒ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ስዊዘርላንዳዊው ዳንኤል ዩል በመጀመሪያው ዙር 30ኛ ሆኖ ለጥቂት ነው ያለፈው። ስለዚህ ሁለተኛውን ዙር የከፈተው እሱ ነበር። በረዶው ገና ሳይቆፈር፣ ፀሐይ ሳያለሰልሰው ወረደ። ከዚያ ታች ቆመ። 29 ሰው አንድ በአንድ መጣ። አንዱም አልበለጠውም። ከ30ኛ ተነስቶ አንደኛ የወጣ ሰው ከዚያ በፊት በዓለም ዋንጫው ታይቶ አይታወቅም።

መመዘኛዎቹን ላስገባ። ሰዓቱ፦ እሑድ ከሆነ ሁለተኛው ዙር ብዙ ጊዜ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 9:30 ባለው ይጀምራል። ቅዳሴ ተወጥቷል፣ ምሳ ተበልቷል። ዳታው፦ ሁለተኛውን ዙር በሙሉ ማየት አንድ ሰዓት አይሞላም፤ የመጨረሻዎቹን 10 ሰዎች ብቻ ብታዩ ደግሞ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ከአራቱም ዘርፎች በዚህ አጭር ጊዜ ይህን ያህል የሚሰጥ ሌላ የለም። አየሩ፦ መውረጃው አጭርና ዝቅ ያለ ስለሆነ ንፋስና ጭጋግ እንደ ዳውንሂል አይጎዱትም። ጉድለቱ አንድ ነው። ፍጥነቱ እንደ ዳውንሂል አያስደነግጥም። መጀመሪያ ያየ ሰው «እንጨት ሲመታ ዋለ» ሊል ይችላል። ሁለት ውድድር ታገሡት።

የሌሊቱ ስላሎም ለብቻው ይታይ። ኦስትሪያ ሽላድሚንግ ላይ በጥር በመብራት ይካሄዳል፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቁልቁለቱን ግራና ቀኝ ይሞላዋል። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ዙር ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ ሁለተኛው ወደ 5 ሰዓት ይጠጋል። በጥር ሌሊት ደብረ ብርሃን ላይ 5 ሰዓት ድረስ መቀመጥ ጋቢ ብቻ አይበቃውም፤ ብርድ ልብስ ይፈልጋል። በማግስቱ ሥራ የሚገባ ሰው አጭሩን ቪዲዮ ጠዋት ቢያይ አይፈረድበትም።

በአንድ እይታ

| መመዘኛ | ዳውንሂል | ሱፐር ጂ | ጃይንት ስላሎም | ስላሎም |
|---|---|---|---|---|
| ዙር | 1 | 1 | 2 | 2 |
| የወንዶች የከፍታ ልዩነት | ከ800 ሜትር ወደ ላይ | 400–650 ሜትር | 250–450 ሜትር | 180–220 ሜትር |
| አጭሩ የተፈቀደ ስኪ (ወንድ/ሴት) | 218/210 ሴ.ሜ | 210/205 ሴ.ሜ | 193/188 ሴ.ሜ | 165/155 ሴ.ሜ |
| ዋናው ክፍል የሚፈጀው | 45 ደቂቃ ገደማ | 45 ደቂቃ ገደማ | የ2ኛው ዙር መጨረሻ፣ 25 ደቂቃ | የ2ኛው ዙር መጨረሻ፣ 20 ደቂቃ |
| የተለመደው ሰዓት (አውሮፓ ሲሆን) | ከቀኑ 7–8 | ከቀኑ 7–8 | 6 እና 9 ገደማ | 6 እና 9 ገደማ፣ ወይም ማታ |
| በአየር የመሰረዝ ስጋት | ከፍተኛ | ከፍተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| ለጀማሪ | ወዲያው ይገባል | ይከብዳል | ትዕግሥት ይፈልጋል | ሁለቴ ካዩት ይገባል |
| እስከ መጨረሻ ልብ መስቀል | አንዳንዴ | አንዳንዴ | ብዙ ጊዜ | ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል |

በምን እንይ?

ሦስት መንገድ አለ። በጣም ርካሹ የዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ድረ ገጽ ላይ ያለው የቀጥታ ሰዓት ነው። ምስል የለውም፤ ስም፣ ቁጥር፣ ልዩነት ብቻ ነው የሚመጣው። ዳታ አይበላም ማለት ይቻላል፤ ኔትወርክ ሲደክምም ይሠራል። ለስላሎም ሁለተኛ ዙር በሚገርም ሁኔታ በቂ ነው፤ ቁጥሩ አረንጓዴ ሆኖ ሲመጣ ልብ ይመታል።

ሁለተኛው ፌዴሬሽኑ በዩቲዩብ የሚለቃቸው አጫጭር ቪዲዮዎች ናቸው። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ናቸው። በተማሪ ባጀት ከዚህ የሚሻል የለም። ውጤቱን ቀድማችሁ እንዳታዩ ግን ተጠንቀቁ፤ ርዕሱ ላይ አሸናፊውን ሊጽፉት ይችላሉ።

ሦስተኛው ሙሉ የቀጥታ ስርጭት ነው። በመካከለኛ ጥራት አንድ ሰዓት ከግማሽ ጊጋ በላይ፣ በከፍተኛ ጥራት ከ1 ጊጋ በላይ ይፈጃል። የስርጭት መብቱ በአገር በአገር የተከፋፈለ ስለሆነ አውሮፓ የሚታየው ሁሉ እዚህ አይከፈትም። እኔ በዚህ ተጎድቻለሁ። አንድ ሱቅ ውስጥ «ይህ ፓኬጅ የክረምት ስፖርት አለው» ተብዬ የሦስት ወር ከፈልኩ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ውድድር አልታየበትም። ስለዚህ «ስፖርት አለው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። የመጪውን ውድድር ቀንና ቦታ ይዛችሁ ሂዱና «ይህንን፣ በዚህ ሰዓት፣ በየትኛው ቻናል?» በሉ። ሻጩ ቻናሉን ከፍቶ ካላሳያችሁ አትክፈሉ።

ወይስ ሰው እንከተል?

ዘርፍ ከመምረጥ ይልቅ ሰው መምረጥ የሚቀለው አለ። እኛ አገር ሯጭ ተከትለን ነው ያደግነው፤ የሚያዋጣ መንገድ ነው። ለስላሎም አሜሪካዊቷ ሚካኤላ ሺፍሪን አለች። ኢንገማር ስቴንማርክ ለብዙ ዓመታት የያዘውን የ86 ድል ክብረ ወሰን በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. አለፈች፤ በየካቲት 2025 ደግሞ ጣሊያን ሴስትሪዬር ላይ 100ኛዋን አሸነፈች። በወንዶች ስዊዘርላንዳዊው ማርኮ ኦደርማት ከ2022 እስከ 2025 በተከታታይ ትልቁን ሉል ወስዷል። እሱን የተከተለ ሰው ዳውንሂልም ሱፐር ጂም ጃይንት ስላሎምም ያያል። ስላሎም ግን አይወርድም፤ ስለዚህ የእኔን ተወዳጅ ዘርፍ ትስታላችሁ። የብራዚሉ ሉካስ ፒኔይሮ ብራተንም አለ። አባቱ ኖርዌያዊ፣ እናቱ ብራዚላዊት ናቸው፤ በረዶ የማታውቀውን የእናቱን አገር መርጦ ይወዳደራል። የእህቴ ልጅ የመረጠው እሱን ነው።

ከእኛ አካባቢ የሚሻ ካለም ታሪኩ አለ። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ተወዳድሯል። እሱ የተወዳደረው ግን በቁልቁለቱ ሳይሆን በሜዳው ረጅም ርቀት ስኪ ነው። በቁልቁለቱ ዘርፍ ለኤርትራ የተወዳደረው ሻነን ኦግባናይ አበዳ ነው፤ በ2018ም በ2022ም ኦሎምፒክ ላይ ጃይንት ስላሎም ወርዷል።

ለማን የትኛው?

ዳታ የሌለው ተማሪ ከሆናችሁ፦ ስላሎም፣ የቀጥታውን ሰዓት በጽሑፍ፣ ማታ ደግሞ አጭሩን ቪዲዮ። አንድ ዘመን በሙሉ በጥቂት ብር ይከታተሉታል።

በወር አንድ ውድድር ብቻ ማየት የሚችል ሠራተኛ ከሆናችሁ ይህን ያዙ፦ ጥቅምት ላይ ዞልደን፣ ኅዳር ላይ የፊንላንዱ ሌቪ ስላሎም (አሸናፊው አጋዘን ይሸለማል፣ ስምም ያወጣለታል)፣ ታኅሣሥ ላይ የቫል ጋርዴና ዳውንሂል፣ ጥር ላይ ኪትስቢሄል። ቫል ጋርዴና «የግመል ሻኛ» የሚሉት ተከታታይ ጉብታ አለው፤ ዘሎ ያለፈው ብዙ ጊዜ ያተርፋል፣ ያልቻለው ያርፍበታል። የአሜሪካዎቹን ውድድሮች ለሌላ ተዉ፤ ቢቨር ክሪክ እኛ ዘንድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው።

ቤተሰብ ሰብስቦ ማየት ለሚፈልግ የጥምቀት ሰሞን ይመረጣል። ቬንገንና ኪትስቢሄል አብዛኛውን ጊዜ ጥምቀትን ከፊትና ከኋላ አቅፈው ነው የሚመጡት። ቤት ዘመድ አለ፣ ድፎ አለ፣ ሥራ የለም። ልጆች ካሉ የኪትስቢሄልን የእሑድ ስላሎም እንጂ የቅዳሜውን ዳውንሂል አታድርጉት።

ለኳስ ቤት ባለቤት ደግሞ ተቃራኒው ነው። የቅዳሜውን ዳውንሂል ያዝ። ከ7:30 እስከ 9 ሰዓት ያለው ክፍት ነው፤ ያልለመደ ሰው እንኳ ከመጀመሪያው ዝላይ ጀምሮ ዓይኑን አይነቅልም። ተሰርዞ እንደሆነ ግን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ፈትሽ፤ ለደንበኛ በማስታወቂያ ሰሌዳ ከመጻፍህ በፊት።

የእኛ ቤት የዘንድሮው ዕቅድ ተይዟል። ጥር ላይ እሑድ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ፣ የስላሎሙ የመጨረሻዎቹ 15 ሰዎች። እማማም መጥተው ያያሉ፤ «ስላሎሙ ይሻላል፣ ልጆቹ አይበሩም» ብለዋል።